ሠራዊት የማዕድን ኩባንያ ባለ አክሲዮን ሲሆን፦ ከድሬዳዋ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

የከዚራው መምህር (ድሬዳዋ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እኔ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና አስተምራለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ባለንብረት በሙቀት የተበላሸ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሞተር አምጥቶልን ከተማሪዎቼ ጋር ፈታነው። በቀለበቱ ዙሪያ የተደረደሩት ማግኔቶች እያንዳንዳቸው ከማስቲካ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ስስ ሰሌዳዎች ናቸው። ከመካከላቸው ጤነኛ የነበረችው አንዷ ካቻቢቴዬን ከእጄ መንጭቃ ወስዳ ስለያዘችው ለማላቀቅ ፒንሳ አስፈልጎኛል፤ ሙቀት የበላቸው ግን ሚስማር እንኳ በቅጡ አያነሡም ነበር።

አንዱ ተማሪዬ ማግኔቱ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ብረት፣ ቦሮንና ኒዮዲሚየም የሚባል ብርቅ ማዕድን እንዳለበት ነገርኩት። ሌላው ተማሪ ደግሞ ይህንኑ ማዕድን በሚያወጣ ኩባንያ ውስጥ የአሜሪካ ጦር ትልቁ ባለ አክሲዮን እንደ ሆነ አንብቤያለሁ አለ። አመሻሹን ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በካሊፎርኒያ የማውንቴን ፓስ ማዕድን ባለቤት በሆነው በኤምፒ ማቴሪያልስ ኩባንያ ውስጥ የ400 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ለመግዛት ተስማምቷል።

ጦር ሠራዊት ጥይት፣ ነዳጅና ስንቅ መግዛቱ የታወቀ ነው። የማዕድን ጉድጓድ ባለድርሻ መሆኑ ግን ለእኔ አዲስ ነገር ሆኖብኛል፤ የሚያስፈልገውን ያህል እንደማንኛውም ደንበኛ መግዛት ሲችል ለምን ባለቤትነት ውስጥ ገባ? አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እንዲህ ያሉ ሞተሮች እየበዙ ስለሆነ ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ማዕድን ኖሯት ፋብሪካ የሌላት እንደ እኛ ያለች አገር ከዚህ የምትወስደው ነገር ይኖር ይሆን? ወይስ ጠመንጃና ማዕድን አንድ ቤት ከገቡ መዘዙ ይበዛል? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ለተማሪዎቼ በቂ መልስ ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ።

ደቻቱ (ድሬዳዋ)፦

መምህር፣ በድሬ ልማድ «አንተ» ብልህ ቅር እንደማይልህ አምናለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ነገሩን የማየው ከዋጋ በኩል ነው፤ በእኔ እምነት የጥያቄህ መልስ ያለውም እዚያው ነው።

ማውንቴን ፓስ አዲስ ጉድጓድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የዓለም ዋናው የብርቅ ማዕድናት ምንጭ ነበረ። በኋላ የቻይና ምርት በርካሽ ዋጋ ገበያውን ሲሞላውና ከማዕድኑ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ማፍሰሱ ችግር ሲያስከትልበት እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ አቆመ። በ2010 ቻይናና ጃፓን በባሕር ወሰን ሲጋጩ ወደ ጃፓን የሚሄደው ማዕድን ተስተጓጎለ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋው ጣሪያ ነካ፤ ሞሊኮርፕ የተባለው ኩባንያም ይህን ተማምኖ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ጉድጓዱን ከፈተ። ነገር ግን ዋጋው በወጣበት ፍጥነት ወረደና ኩባንያው በ2015 ኪሳራ አወጀ። ዛሬ ያለው ኤምፒ ማቴሪያልስ ንብረቱን የተረከበው ከዚያ ኪሳራ በኋላ በ2017 ነው።

የሐረማያን ድንች አምራች አስብ። ዘንድሮ ዋጋ ስለ ተወደደ ብድር ወስዶ ማሳውን በሙሉ ድንች ይዘራል፤ ምርቱ ሲደርስ ግን አንድ ትልቅ ነጋዴ መጋዘኑን ከፍቶ ዋጋውን ያወርድበታል። ይህ አንድ ጊዜ ከደረሰበት በሚቀጥለው ዓመት አይዘራም፤ ባንኩም አያበድረውም። በብርቅ ማዕድናት ገበያ ያ ትልቅ ነጋዴ ቻይና ናት፤ ከዓለም የማዕድን ምርት 70 በመቶ ያህሉን፣ ከማጣራቱ ሥራ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉን ይዛለች። ድንች በወራት ይደርሳል፤ ማዕድንና ማጣሪያ ግን ዓመታት ስለሚፈጅ ዋጋው በመሐል እንደማይወድቅ ማረጋገጫ የሌለው ባለሀብት ገንዘቡን አያወጣም።

ስለዚህ የስምምነቱ እምብርት የ400 ሚሊዮኑ አክሲዮን ሳይሆን የዋጋ ወለሉ ነው። ለማግኔት የሚሆነው የኒዮዲሚየምና የፕራሲዮዲሚየም (የሌላው ብርቅ ማዕድን) ቅይጥ ለ10 ዓመት በኪሎ ከ110 ዶላር በታች እንዳይወርድ መከላከያው ዋስ ሆኗል፤ የገበያው ዋጋ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን ይከፍላል። ስምምነቱ ሲፈረም የገበያው ዋጋ የዚህ ግማሽ ገደማ ነበር። ኩባንያው የሚገነባው አዲስ የማግኔት ፋብሪካ የሚያወጣው ምርት በሙሉ ለ10 ዓመት ገዥ እንዲያገኝም ዋስትና ተሰጥቶታል። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ ዋጋው ከ110 ዶላር በላይ ከወጣ ከትርፉ 30 በመቶው የመከላከያው ነው። በተራ ግዥ ይህ ሁሉ አይገኝም፤ ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚሄድ ደንበኛ ፋብሪካ አያሠራም።

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ከገበያው እጥፍ ዋጋ የተረጋገጠለት ኩባንያ ወጪውን ለመቀነስ የሚተጋበት ምክንያት ይሳሳል፤ ልዩነቱን የሚሸፍነውም ግብር ከፋዩ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዋስትና ቢሰጥ ምን ያህል ዓመት ልንችለው እንደምንችል አስቀድሞ መቆጠር አለበት።

ሐኪም ጋራ (ሐረር)፦

ልጄ መምህር፣ ጥያቄህን በጥሞና አነበብኩት። እኔ ዛሬ በሐረር ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በአገልግሎት ዘመኔ የጥይት ግምጃ ቤት ኃላፊ መኮንን ስለ ነበርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

አንድ ጥይት አንሥተህ የቀለሁን ቂጥ ብታየው መሐሉ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ካፕሱል ታገኛለህ። መርፌው ሲመታት በውስጧ ያለችው ጥቂት ቅመም ትቀጣጠላለች፤ ባሩዱን የምታነሣው እሷ ናት። በዚያ ቅመም ውስጥ ከሚገቡት አንዱ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን ነው። መጠኑ ለዓይን የሚሞላ አይደለም፤ ሆኖም ካፕሱሉ ካልነደደ ጠመንጃው ከዱላ አይሻልም። ቻይና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 አንቲሞኒ፣ ጋሊየምና ጀርማኒየም ወደ አሜሪካ እንዳይላክ ስትከለክል፣ በኋላ እገዳውን ለጊዜው ብታነሣውም፣ የአሜሪካ ጦር የደነገጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአይዳሆ ግዛት ስቲብናይት በተባለ ቦታ ፐርፔቱዋ የተሰኘ የግል ኩባንያ አንቲሞኒ እንዲያወጣ ከመከላከያው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የተሰጠው ከዚያ እገዳ በፊት ጀምሮ ነው። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብዛኛውን የአሜሪካ አንቲሞኒ ያቀርብ ነበር። ገንዘቡ የሚወጣበት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950፣ የኮሪያ ጦርነት በተጀመረበት ዓመት ነው፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በኋላ የዘመተበት ጦርነት ማለት ነው። ጦሩ ለኢንዱስትሪ ገንዘብ ማቅረቡ ለእነርሱ የቆየ ልማድ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ጦር ገዥና ዋስ ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ ጦር ራሱ ቆፋሪና ነጋዴ ሲሆን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካው ስምምነት አንድም ወታደር አካፋ አልያዘም፤ የኩባንያውን ሥራ የሚመራው ባለሙያው ነው። እኛ ግን ሁለተኛውን መንገድ ሞክረነዋል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ሜቴክ (የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) በጦር መኮንኖች ይመራ ነበር፤ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ሳይቀር ተሰጥቶት በመዘግየቱ ምክንያት በ2010 ዓ.ም. ሥራውን ተነጠቀ።

ይህን የምለው ሰዎቹን ለመውቀስ ሳይሆን ከሙያው ጠባይ ተነሥቼ ነው። በሠራዊት ውስጥ የበላይ ካዘዘ የበታች ይፈጽማል፤ በጦር ሜዳ ሕይወት የሚያተርፈውም ይህ ነው። በንግድ ቤት ግን «ጌታዬ፣ ይህ ሥራ አያዋጣም» የሚል የበታች ካልተገኘ ድርጅቱ ይሞታል። እኔ ሻምበል ሆኜ ለኮሎኔሌ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ እንድልም አልተማርኩም። በዚህ ላይ የሒሳብ ነገር አለ። ወታደራዊ ምስጢር የተባለ ሰነድ ለኦዲተር አይከፈትም፤ የማዕድን ገቢ ግን ካልተገለጠ ይሰወራል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 የማዕድን ገቢ ግልጽነት ዓለም አቀፍ ማኅበር በዕጩነት ስትቀላቀል ኩባንያዎች ምን እንደ ከፈሉ፣ መንግሥትም ምን እንደ ተቀበለ በይፋ ለማውጣት ቃል ገብታለች፤ ጦር ባለቤት የሆነበት ጉድጓድ ይህን ቃል እንዴት ይጠብቃል?

የኤረሯ (ሐረር)፦

ጋሼ ሐኪም ጋራ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ ደቻቱም ስለ ዋጋው በሚገባ አስረድተሃል። የሥነ ምድር ባለሙያ እንደ መሆኔ አንድ ያልተነሣ ነገር ልጨምር። እጥረቱ የድንጋይ አይደለም። ብርቅ የሚባሉት ማዕድናት ስማቸው ነው እንጂ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም። ብርቁ ነገር አንዱን ከሌላው መለየቱ ነው፤ አሥራ ሰባቱም በጠባያቸው እንደ መንትያ ስለሚመሳሰሉ በአሲድና በአሟሚ ፈሳሽ በመቶ በሚቆጠሩ ደረጃዎች ደጋግሞ ማንጠር ያስፈልጋል፤ ከዚያ የሚተርፈው ዝቃጭም ጨረር አመንጪ ቶሪየም ሊኖርበት ይችላል። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ያው የማውንቴን ፓስ ምርት እንኳ ብዙው በመርከብ ተጭኖ የሚጣራው ቻይና ነበር። የፔንታጎን ገንዘብ በዋናነት የሚሄደው ወደ ማጣሪያውና ወደ ማግኔት ፋብሪካው መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

መምህር፣ የእርስዎ ባጃጅ ሞተር መቃጠሉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ መድከም ይጀምራል፤ በድሬ ፀሐይ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሞተር ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። ሙቀቱን እንዲችል ዲስፕሮሲየም ወይም ተርቢየም የሚባሉ ሌሎች ብርቅ ማዕድናት ይጨመሩበታል። ቻይና በሚያዝያ 2025 የወጪ ንግድ ቁጥጥር ካደረገችባቸው ሰባት ማዕድናት ውስጥ ሁለቱም አሉበት፤ ለሚሳይልና ለአውሮፕላን ማግኔት የሚያስፈልገው ሳማሪየምም አለበት።

በጉጂ ዞን ያለውን የቀንጢቻን የታንታለም ማዕድን በሥራ አጋጣሚ አይቼዋለሁ። ከማዕድኑ ተለቅሞ የሚወጣው ጥቁር አሸዋ መሰል ነገር በበርሜል ይታሸጋል፤ በርሜሉ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ሁለት ጎረምሶች ገፍተው ሊያነቃንቁት ሲያቅታቸው ተመልክቻለሁ፤ ክብደቱ እንደዚያ ነው። ዩራኒየምና ቶሪየም ስላለበት በወደብና በመርከብ እንደ ተራ ዕቃ አይስተናገድም። ያ በርሜል እንደ ታሸገ ከአገር ይወጣል፤ ስልክ ውስጥ የሚገባው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ሆኖ ሲመለስ ደግሞ በግራም እንገዛዋለን። ለዓመታት ማዕድኑን ያወጣው የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ሆኖም የባለቤቱ ማንነት ይህን አልለወጠውም።

ለመምህር «አዲስ ነገር» የሆነው የጦርና የኩባንያ ሽርክናም በአህጉራችን አዲስ አይደለም። ዩኒዮን ሚኒየር የተባለው የቤልጅግ የማዕድን ኩባንያ ኃላፊ ኤድጋር ሴንጊየር እ.ኤ.አ. በ1940 በኮንጎ ከሺንኮሎብዌ የወጣ 1,200 ቶን ያህል የዩራኒየም ማዕድን ወደ ኒውዮርክ አስጭኖ በስታተን ደሴት አስቀምጦ ነበር። በ1942 የአሜሪካ ጦር መኮንን ኬኔት ኒኮልስ ቢሮው ድረስ ሄዶ ገዛው፤ ጦሩም በኋላ በውሃ የተሞላው ጉድጓድ እንደገና እንዲከፈት አደረገ። በሂሮሺማ ለወደቀው ቦምብ ከዋለው ዩራኒየም አብዛኛው የመጣው ከዚያ ነው። ድንጋዩን በእጃቸው የለቀሙት ኮንጎዎች ግን ምን እንደሚለቅሙ አልተነገራቸውም። ለጦር የሚፈለግ ማዕድን በሚወጣበት ቦታ ምስጢሩ መጀመሪያ የሚጎዳው እጁን የሚያስገባውን ሠራተኛ ስለሆነ ይህን ታሪክ ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም።

ነምበር ዋን (ድሬዳዋ)፦

ታላቅ ወንድሜ በኦጋዴን የነዳጅ ፍለጋ ሥራ ላይ ከባድ መኪና ይነዳ ስለ ነበር በአጭሩ አንድ ነገር ልበል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በአቦሌ የቻይና ኩባንያ የፍለጋ ሠፈር ላይ ታጣቂዎች ባደረሱት ጥቃት 74 ሰዎች ተገድለዋል፤ ከነዚህ ውስጥ 65ቱ ኢትዮጵያውያን፣ 9ኙ ቻይናውያን ነበሩ። ወንድሜ በዚያ ሳምንት ዕረፍት ወጥቶ እዚሁ ቤት ነበር፤ እናታችን ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራው እንዲመለስ አልፈቀደችለትም።

ማዕድን የጦር ጉዳይ ነው ተብሎ በታወጀበት ቀን ካምፑም የጦር ዒላማ ይሆናል። በምሥራቅ ኮንጎ የሩባያ የኮልታን (ታንታለም የሚገኝበት ድንጋይ) ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2024 በኤም 23 ታጣቂዎች እጅ መውደቁን አይተናል፤ ቆፋሪዎቹ ያው ናቸው፤ የተቀየረው ግብር የሚሰበስበው ጠመንጃ ብቻ ነው። ለዶላሩና ለፋብሪካው የተጨነቃችሁትን ያህል በአካባቢው ለሚኖረው አርብቶ አደርም አስቡለት። ግመሎቹ የሚጠጡበት ኤላ በአጥር ውስጥ ከገባበት ስምምነቱን ማን ፈረመው ብሎ አይጠይቅም።

ደቻቱ (ድሬዳዋ)፦

ነምበር ዋን፣ ወንድምህን እግዚአብሔር አትርፎታል፤ የተናገርከውም ትክክል ነው። ሻምበል ያነሡትንም እቀበላለሁ፤ ሆኖም መንግሥት ከነጭራሹ እጁን ይሰብስብ ወደሚል መደምደሚያ እንዳንሄድ እፈራለሁ። በዚህ ገበያ የግል ባለሀብት ብቻውን ሲገባ የሚደርስበትን በሞሊኮርፕ አይተናል።

የጃፓንን መንገድ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ ግጭት በኋላ ጃፓን ጦሯን ወደ ማዕድን አላስገባችም። ጆግሜክ የተባለው የመንግሥት የነዳጅና የማዕድን ተቋሟ ሶጂትስ ከተባለ የንግድ ኩባንያ ጋር ሆኖ በ2011 ላይናስ ለተሰኘው የአውስትራሊያ ኩባንያ 250 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፤ በምላሹም ለጃፓን ፋብሪካዎች የረጅም ጊዜ አቅርቦት አስጠበቀ። ዋጋው ወድቆ ሞሊኮርፕ ሲከስር ላይናስ የዕዳው ጊዜ ተራዝሞለት ተረፈ። ዛሬ ከቻይና ውጭ ትልቁ የብርቅ ማዕድናት አጣሪ እሱ ነው። ዋስ የሆነው ሲቪል ተቋም ነው፤ ሒሳቡም ከወታደራዊ ምስጢር ውጭ ነው። እኛም በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ የሚባል የመንግሥት የኢንቨስትመንት ተቋም አለን። ለቀንጢቻ ወይም ለሌላ ማዕድን ዋስ የሚሆን ካስፈለገ ከጦሩ ይልቅ ለእንዲህ ያለው ተቋም የቀረበ ነው፤ መከላከያውም የሚያስፈልገውን ከዚያ በግልጽ ውል ሊገዛ ይችላል።

ሐኪም ጋራ (ሐረር)፦

በዚህ እስማማለሁ ልጄ። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል እንዲሆን ሲደነግግ ጦሩ በሲቪል እጅ ይታዘዝ ማለቱ ነው። ጦሩ የራሱ ማዕድን፣ የራሱ ገቢ ካለው ግን ለበጀት ወደ ምክር ቤት የሚሄድበት ምክንያት እየቀነሰ ይሄዳል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የአሜሪካው ስምምነት ከዚህ የሚለይበት አንዱ ነገር ገንዘቡ በምክር ቤት ከተፈቀደ በጀት መውጣቱ ነው።

የከዚራው መምህር (ድሬዳዋ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዋጋ ወለሉን ነገር በድንቹ ምሳሌ ለተማሪዎቼ አስረድቻቸዋለሁ፤ የጃፓኑን መንገድ ስነግራቸው ደግሞ ከሁለት ተከፍለው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከሩበት። ከመካከላቸው አንዲቷ ተማሪ «እኛ እስከምናጣራ ድረስ የተበላሹትን ሞተሮች ማግኔት ለምን ለቆራሌው እንሰጣለን?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። እውነትም እስከ ዛሬ ሞተሩ ሲበላሽ መዳቡን ፈትተን እንሸጣለን፤ ማግኔቱ ከብረቱ ጋር እንደ ተጣበቀ በኪሎ ሒሳብ ይሄዳል። የኤረሯ፣ ማግኔቶቹን ሳይሰባበሩ ለማውጣት የሚያስችል ዘዴ ካለ ቢነግሩኝ በማከማቸት እንጀምራለን።

የኤረሯ (ሐረር)፦

መምህር፣ ተማሪዎ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃለች። አፕል ኩባንያ በ2025 ከዚያው ከኤምፒ ማቴሪያልስ ጋር የተዋዋለው 500 ሚሊዮን ዶላር ከአሮጌ ዕቃ ተለቅሞ በሚሠራ ማግኔት ላይ ነው።

ማግኔቱን በመዶሻ አታስነቅሏቸው፤ ተሰባሪ ስለሆነ ስንጥሩ ዓይን ይጎዳል፤ ብናኙም በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ቀለበቱን እንዳለ በምድጃ ብታሞቁት መጀመሪያ ሙጫው ይለቃል። ሙቀቱ ከ310 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲደርስ ደግሞ የመሳብ ኃይሉ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ማንኛውም ጠጠር በእጅ ይለቀማል። ሙጫው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ስለሆነ ሥራውን ደጅ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቆማችሁ ሥሩ። የለቀማችሁትን በደረቅ ጣሳ አሽጋችሁ ከየትኛው ሞተር እንደ ወጣ ጻፉበት፤ ውስጡ ዲስፕሮሲየም ያለበትና የሌለበት ዋጋቸው አንድ አይደለም።